ለእትዬ እጅ የሚስማማ ዱላ

ጥቅምት 4 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ፖስተኛው የዎርክሾፑን በር ገፋ አድርጎ ሲያቀብለኝ እጄ በሙጫ ተለውሶ ነበር፤ ጽሕፈትሽን ሳየው ግን መጥረጉ ትዝም አላለኝ። ፖስታው ከሥራ ጠረጴዛዬ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ ያዳንኩት ውስጡን ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳትጽፊ ቆይተሽ፣ ለሰላምታ እንኳ ፋታ ሳትሰጪ "የጎልፍ ዱላ ሥራልኝ" ማለትሽ፣ እውነቴን ነው፣ አሳቀኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እቀየመው ነበር።

ሰላምታውን እንግዲህ እኔ ልበልልን። ሰውነትሽ እንዴት ነው? መሐንዲሱ ባለቤትሽስ አሁንም ጫማውን በር ላይ ደርድሮ ነው የሚገባው? እኔ እንደተውሽኝ ነኝ፤ የሸሸው ፀጉሬ ብቻ ነው። የአባባ ዎርክሾፕም እዚያው ነው፣ ከጎልፍ ሜዳው መግቢያ በስተግራ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር። ነፍሱን ይማረውና፣ አባባ የተከላት ጊንጥ የመሰለች ማሰሪያ ብረት ዛሬም ከጠረጴዛው ላይ አልተነቀለችም። ዱላ የሚሰበርበት ሰው አይጠፋም፤ ሥራ አለኝ።

ያዘዝሽኝን እሠራለሁ። "ልክ እንደ ድሮዎቹ፤ ዘንጋቸው ብረት፣ ጠንካራና ከበድ ያለ" ብለሻል። እሺ። ግን ልብስ ሰፊ በዘጠኝ ዓመት ልክ ሱሪ አይቆርጥም። ቁመትሽን ላኪልኝ። ደግሞ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ፣ እጆችሽን ዘና አድርገሽ፣ ከእጅሽ አንጓ እስከ ወለሉ ያለውን አስለኪልኝ። የሁለቱንም እጅ።

ያን የፍጻሜ ጨዋታ አላነሳሽውም። እኔም ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውጬው ዱላ ብሠራልሽ እጄ እሺ አይለኝም። ምትሽ መዝገሙን አይቼ፣ ጨዋታው ሳምንት ሲቀረው ዘንጎችሽን በለስላሳ ቀየርኳቸው። ቀለማቸው አንድ የሆነውን መርጬ፣ ሳልነግርሽ። ተሸነፍሽ። ስትጠይቂኝ አልዋሸሁሽም፤ አንቺም ካፍቴሪያው ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት "ያሸነፈኝ የገዛ ወንድሜ ነው" አልሽ። ስለ ዘንጉ ልክ አልነበርሽም። ስላልነገርኩሽ ግን ልክ ነበርሽ። ይቅርታ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ስልክ ደውዬ ነበር። መሐንዲሱ አነሳና "ተኝታለች" አለኝ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ! በማግስቱም ደወልኩ፤ ተኝታለች። በሦስተኛውም ቀን ተኝታለች። ስንተዋወቅ ፀሐይ ቀድማሽ ወጥታ አታውቅም። ተቀይመሽኝ ከሆነ "ተቀይማለች" ይበለኝ፤ እሱ ይሻለኛል።

ወንድምሽ

ጥቅምት 19 ቀን

ሜትሬ፣

አዎ፣ አሁንም ሜትሬ ነህ። በአምስት ዓመቱ የድመታችንን ጅራት ሊለካ ገብቶ ፊቱን የተቧጨረ ልጅ ሌላ ምን ይባላል?

ስለ ስልኩ፦ ተኝቼ ነበር። ሰው አይተኛም? ጡረታ የወጣሁት እኮ ለመተኛት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስፖርት አስተማሪ ሆኜ በፉጨት ያባነንኳቸው ልጆች እንቅልፍ ሁሉ አሁን በእኔ ላይ መጥቶ ነው። አልተቀየምኩህም። ወይም ተቀይሜሃለሁ፣ ግን የዛሬውን ጉዳይ አይመለከትም። ይቅርታህን አይቻለሁ። ስለዚያ ቀን እኔም የምለው አለኝ፤ ሌላ ጊዜ።

ዱላው ለምን እንዳስፈለገኝ አልነገርኩህም። በዚህ ከተማ ዘጠኝ ጉድጓድ ያላት ትንሽ የጎልፍ ሜዳ አለች። መጋቢት አጋማሽ ላይ የሴቶች ውድድር ይጀምራሉ፤ የክለቡ ጸሐፊ ከየት እንደሰማ አላውቅም፣ ከረባት አስሮ ቤቴ ድረስ መጣና "የሦስት ጊዜ ሻምፒዮን በመካከላችን እያለች ሌላ ሰው የመክፈቻውን ኳስ ቢመታ ነውር ነው" አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ካልኩ በኋላ ነው ዱላ እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ፤ የድሮዎቹን ለጀማሪዎች ሰጥቻቸው እንደመጣሁ ታውቃለህ። ከእኔ ጋር ያለችው ፑተሯ ብቻ ናት፤ በእሷ ደግሞ ኳስ ወደ ጉድጓድ ይገፋባታል እንጂ ውድድር አይከፈትባትም።

አንድ ምት ነው፣ ሜትሬ። አንድ ኳስ፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ወንበር። ግን ያቺ አንዲት ኳስ በሥርዓቷ እንድትሄድ እፈልጋለሁ። "ሻምፒዮን ያሏት ይህቺን ነው እንዴ?" ተብሎ በክርን መጎሻሸም አልፈልግም። ስለዚህ ብረት ይሁን፣ ጠንካራ ይሁን፣ ድሮ ሲያዩኝ የሚያውቁት ዓይነት ይሁን። ሳትነግረኝ አንዲት ብሎን ብትለውጥ ግን እህት የለህም።

ቁመቴ 168 ነው። ከአንጓዬ እስከ ወለሉ 84 ሴንቲ ሜትር። መሐንዲሱ ነው የለካኝ፤ ግድግዳ ይመስል በውሃ ልክ ጭምር።

እህትህ

ኅዳር 6 ቀን

እትዬ፣

84 ያልሽው የየትኛው እጅ ነው? ሁለት ጠይቄሽ አንድ ላክሽልኝ። የግራውንም አስለኪልኝ። ምን ያደርግልሃል ካልሽ፣ ትከሻ እንደ ቤት ነው፤ ዕድሜ ሲጫነው በአንድ ወገን ይሰምጣል። እኔ ራሴ ቀኜ ከግራዬ በጣት ዝቅ ብሏል፤ ዕድሜ ልኬን መዶሻ የያዝኩበት ነው።

የመሞከሪያ ዱላ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። በጨርቅ ጠቅልዬው ስለነበር ሹፌሩ "ጠመንጃ ከሆነ ከፊት፣ ጃንጥላ ከሆነ ከኋላ ነው የሚቀመጠው" አለኝ። የጎልፍ ዱላ ነው ስለው ጣሪያ ላይ አሰረው። ለመካከለኛ ርቀት የሚሆነው ሰባት ቁጥር ዱላ ነው፤ ዘንጉ በጣም ጠንካራም አይደለም፣ በጣም ለስላሳም አይደለም። የቀረኝ ነጭ መጨበጫ ብቻ ስለሆነ የሙሽራ ዱላ መስሏል፤ አትሳቂብኝ። ጓንት እንደማትወጂ ስለማውቅ አልላክሁልሽም።

አብረውት አራት ወረቀቶች አሉ። በዱላው ፊት ላይ ትለጥፊያቸዋለሽ፤ ኳሱ ያረፈበት ቦታ ጠቁሮ ይቀራል። አርባ ኳስ ምቺ፤ በየአሥሩ ወረቀቱን ቀይሪ። በአንድ ቀን መሆን የለበትም። ከዚያ መሐንዲሱ ኳሶቹ የሄዱበትን በእርምጃ ይቁጠርልኝና ዱላውንም ወረቀቶቹንም መልሰሽ ላኪልኝ።

"ዘንግ ዘንግ ነው፤ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?" እንደምትዪ ይሰማኛል። ፈጣን እጅ በለስላሳ ዘንግ ሲመታ የዱላው ራስ መድረሻውን ያጣል፤ ኳሱ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይበተናል። ዝግ ያለ እጅ ደግሞ በጠንካራ ዘንግ ሲመታ ዘንጉ አልታጠፍም ይላል፤ ኳሱ ዝቅ ብሎ ወደ ቀኝ ይሾልካል፣ ንዝረቱም እስከ ክርን ይዘልቃል። ሰው ጥፋቱ የእጁ እየመሰለው በኃይል ይመታል፤ በኃይል ሲመታ ይብስበታል። ሰማንያ ከመቶ የሚሆነው ደንበኛዬ ዱላ የሚገዛው ለመሆን ለሚመኘው ሰው ነው እንጂ ለራሱ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ የጥርስ ሐኪም መጥቶ "ኮከቦቹ የሚይዙትን ስጠኝ" አለኝ። አንተ የኮከቦቹን ጥርስ ለሁሉ ሰው ትተክላለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና ሊለካ ቆመ።

ወንድምሽ

ኅዳር 25 ቀን

ሜትሬ፣

አጭር ስለሆነች ይቅርታ፤ እንግዶች አሉብን።

ዱላህን መልሼልሃለሁ። አርባውንም መትቻለሁ። ርቀታቸው መቶ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ አንዳንዱ መቶ ሠላሳ አምስትም ይገባል። ነጩ መጨበጫ አስቀያሚ ነው።

በግራ እጄ ጉዳይ ሙጭጭ አልክ ልበል? ሁለቱም እጆቼ መንትያ ናቸው፤ ለአንዱ የሆነ ለሌላውም ይሆናል። ዱላዎቹን ጀምር። ብረት። ጠንካራ።

ስልክ አትደውል፤ ተበላሽቷል።

እህትህ

ታኅሣሥ 12 ቀን

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው አራተኛዬ ነው። ሦስቱ ምድጃ ገብተዋል።

ዱላውን ከጨርቁ አውጥቼ መስኮቱ ሥር አጋደምኩት። በመጀመሪያ ወረቀቶቹን አየሁ። ነጥቦቹ መሐል ላይ አይደሉም፤ ወደ ዱላው ጫፍና ወደ ታች ተበትነዋል። ይሁን፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመታ ሰው እንዲህ ይሆናል። ግን ገርጥተዋል፣ እትዬ። መቶ ሠላሳ እርምጃ የሚሄድ ኳስ ወረቀቱን ያቆስለዋል፤ ያንቺዎቹ ጥላ ብቻ ነው የጣሉበት። አራተኛው ወረቀት ላይ ከአሥሩ ስድስት ብቻ ነው የቆጠርኩት። አራቱን ስተሻል፤ ደክሞሽ ነበር። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ሲሉ አንቺን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ መጨበጫውን አየሁት። የታችኛው ግማሽ፣ ቀኝ እጅሽ የሚይዝበት፣ ላብና አፈር ጠጥቶ ጠቁሯል፤ የአውራ ጣትሽ ቅርጽ ሳይቀር ታትሞበታል። የላይኛው ግማሽ፣ ግራ እጅሽ የሚይዝበት፣ ከእኔ ዘንድ እንደወጣ ነጭ ነው። አንዲት ጠብታ የለበትም። ሞኝነቴ፣ ሄጄ ሹፌሩን "ጠርገኸዋል እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩት። "አንተ ሰውዬ፣ እኔ መስታወቴንም አልጠርግ" አለኝ።

ሁለት ቀን ሥራ አልሠራሁም። ምን ማድረግ እንደምችል ልንገርሽ። ያዘዝሽውን የሚመስል፣ ውስጡ ግን ሌላ የሆነ ዱላ ሠርቼ መላክ እችላለሁ። ቀላል ዘንግ ላይ የብረት ቀለም እቀባለሁ፤ ጸሐፊውም አያውቅ፣ አንቺም ላታውቂ ትችያለሽ። ቀለሙን አውጥቼ እስከ መበጥበጥ ደርሼ ነበር። ከዚያ ክዳኑን ዘጋሁት። አንድ ጊዜ ሞክሬው ዘጠኝ ዓመት እህት አጣሁ።

ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። እትዬ፣ ግራ እጅሽ ምን ሆኖ ነው?

ብትቆጪ ተቆጪ። ዱላው ግን መልስሽ ሳይመጣ አይጀመርም። ጠንካራ ብረት ልኬልሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኳሱን ከምትስቺው፣ ዛሬ በእኔ ብትናደጂ ይሻለኛል።

ወንድምሽ

ጥር 9 ቀን

እትዬ፣

አራት ሳምንት ሆነ። ፖስተኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሳልጠይቀው ነው የሚመልስልኝ።

ያልኩትን ወደ ኋላ አልመልስም። ያልኩበት መንገድ ካስከፋሽ ግን ይቅርታ፤ የምናገረው በሙሉ ልኬት እንደሚመስል አውቃለሁ። ቁጥር ስፈራ የምደበቅበት ቦታ ነው። የፈራሁት ለዱላው አይደለም።

ዱላውን ተዪው። ውድድሩንም ተዪው። "ደህና ነኝ" ወይም "ደህና አይደለሁም" ብለሽ አንዲት መስመር ላኪልኝ።

ወንድምሽ

ጥር 28 ቀን

ሜትሬ፣

ደህና አይደለሁም። አልነበርኩም ማለት ይሻላል፤ አሁን መሐል ላይ ነኝ።

የታኅሣሡን ደብዳቤህን ቀድጄ ጣልኩት። መሐንዲሱ ከቅርጫቱ ለቅሞ በፕላስተር አያያዘውና ከቁርሴ ጎን አኖረው። ሦስት ጠዋት እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው ቀን "እስከ መቼ ነው እኔ ስልክ ላይ የምዋሸው? በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አንድ ግድግዳ አጣምሜ አላውቅም" አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ለእሱም ከብዶት ኖሯል።

ሰኔ 11 ቀን ጠዋት ነው። ጥርሴን ስቦርሽ ብርጭቆው ከግራ እጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል እጄ ትእዛዜን አልሰማኝም። እያየሁት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተንጠልጥሏል። መሐንዲሱን "ብርጭቆው ወደቀ" ልለው ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ፊቱን ሳይ ነው የደነገጥኩት እንጂ እኔስ ስለ ብርጭቆው ነበር የማስበው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቶሎ ስለደረስሽ ዕድለኛ ነሽ አሉ። ዕድለኛዋ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛች።

አሁን እግሬ ሊመለስ ምንም አልቀረው፤ ትንሽ ይጎተታል። ንግግሬ ይንቀራፈፋል፤ "ር" የምትባለዋ ፊደል ጠላቴ ሆናለች። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጩኸት አራት መቶ ተማሪ ያሰለፍኩ ሴት፣ ዳቦ ቤት ገብቼ ባለሱቁ "ቆይ፣ ቀስ ብለሽ" ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። "ተኝታለች በል" ያልኩት እኔ ነኝ። ስልኩም አልተበላሸም። አንተ ከአንደበቴ ሁለት ቃል ብትሰማ ታውቅ ነበር፤ ጽሕፈት ግን የቀኝ እጅ ነው፤ ጽሕፈት ላይ ጤነኛ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ኮርቼ ያልጻፍኩልህ እኔ፣ መጻፍ የጀመርኩት መናገር ሲያቅተኝ ነው።

ግራ እጄ ይይዛል፤ አጥብቆ አይደለም። እጄን የምታለማምደኝ ፊዚዮቴራፒስት የስፖንጅ ኳስ ሰጥታኝ በቀን መቶ ጊዜ እጨምቃለሁ። አርባውን ኳስ የመታሁት በአንድ እጅ ነው፤ የግራው ከቀኙ ላይ ጣል ተደርጎ ብቻ ነበር። ርቀቱ አርባ አምስት እርምጃ ነበር። መሐንዲሱ አርባ አምስት ብሎ ጻፈ፤ ወረቀቱን ነጥቄው እኔ ሌላ ጻፍኩ።

አሁን ሌላኛውን ልንገርህ፤ ከዚህኛው እሱ ይከብደኛል። የፍጻሜው ቀን በአንተ ዘንጎች ከሦስት ዓመት ወዲህ መትቼ በማላውቀው ርቀት ነበር የመታሁት። እየመታሁ "ዛሬ ምን ተገኘ?" እያልኩ ነበር። በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ እኩል ነበርን። ኳሴ ከጉድጓዱ የቀራት ሁለት ክንድ ነው። ዓይኑን የጨፈነ ሰው የሚያስገባት። ገፋኋት፤ ሳትኳት። በፑተሬ ነው፣ ሜትሬ፤ አንተ ባልነካሃት አንዲት ዱላ። የሳትኩት እኔ ነኝ።

ካፍቴሪያው ውስጥ ያን የተናገርኩት ስለተሸነፍኩ አልነበረም። መድከሜን ከእኔ በፊት ስላወቅህ ነው። አሁንም ከወረቀትና ከመጨበጫ አወቅህብኝ። ያን ቀን በጣም ያስቆጣኝ ነገር ዘንድሮ እንዴት እንዳሳረፈኝ አላውቅም።

እሁድ ከቁርስ በኋላ ደውል። ራሴ አነሳለሁ። እንደ ድሮዬ አላወራም፤ ቃል ሲጠፋኝ አትሙላልኝ፤ ጠብቀኝ።

እህትህ

የካቲት 8 ቀን

እትዬ፣

ልኬት በስልክ አይያዝም፤ ስለዚህ እሁድ የተባባልነውን በወረቀት ላስፍረው። ከሁሉ በፊት ግን፣ "ር" እንዳልሽው ጠላትሽ አይደለችም፤ "ርካሽ ዱላ እንዳትልክልኝ" ስትዪኝ ጥርት ብላ ነው የወጣችው።

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ዎርክሾፑን ቆልፌ በሜዳው ዙሪያ ሄድኩ። የመጨረሻው ጉድጓድ ጋ ስደርስ ሁለት ክንድ ለካሁ። ቆሜ ብዙ አየሁት። አጭር ናት፣ እትዬ። ግን ልንገርሽ፣ እዚያ ቦታ ላይ ስንት ታላላቅ ሰዎች ሲስቱ አይቻለሁ መሰለሽ፤ አንዱ እንኳ በወንድሙ አላሳበበም። ይህን የጻፍኩት እንድትስቂ ነው። እኔ ስጽፈው ስቄያለሁ፤ ሌላም ሌላም ሆኛለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። እያንዳንዱን አንብበሽ "እሺ" ወይም "እምቢ" በይ፤ "እምቢ" ያልሽው አይሠራም።

ዘንጉ ግራፋይት የሚሉት ቀላል የካርቦን ዘንግ ይሆናል፤ ክብደቱ ከብረቱ ግማሽ በታች ነው፤ ካሉኝም ሁሉ ለስላሳው ነው። ቀለሙ ጥቁር ነው፣ ጥቁርም ሆኖ ይቀራል፤ ብረት አስመስዬ አልቀባውም። መጨበጫውን አወፍረዋለሁ፤ የላላ እጅ ቀጭን ነገር ይዞ ለመቆየት ይለፋል፣ ወፍራሙ ግን ራሱ እጅ ውስጥ ይሞላል። ርዝመቱን በሁለት ጣት አሳጥራለሁ፤ በአጭር ዱላ ኳስ መሳት ይቀንሳል። የዱላዎቹ ራስ ከበስተታች ሰፋ ያለ ይሆናል፤ መሬት ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይቆፍርም፤ ግራ እጅሽን አይነጥቀውም። ሙሉው አሥራ አራት ዱላ አያስፈልግሽም፤ ሦስት ይበቃሻል፤ አራተኛዋ ፑተርሽ ናት። እሷን አልነካትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልመክርሽ፦ ግራ እጅሽን ከላይ ጣል አታድርጊው። የቻለውን ያህል ይያዝ። ሲለቅ ይልቀቅ፤ ዱላው እንዲታገሰው አድርጌ እሠራዋለሁ።

ሰባ እርምጃ ትመቻለሽ ብዬ እገምታለሁ። መቶ ሠላሳ አይደለም። መቶ ሠላሳ የምትመታውን ሴት አውቃታለሁ፣ እወዳታለሁም፤ ግን ዱላ እየሠራሁ ያለሁት ለእሷ አይደለም።

መጥቼ ላይሽ ብዬ ነበር፤ ከውድድሩ በፊት አትምጣ ያልሽኝን እቀበላለሁ። ከውድድሩ በኋላ ግን አልጠየቅኩሽም፤ እመጣለሁ።

ወንድምሽ

የካቲት 15 ቀን

ሜትሬ፣

እሺ። እሺ። እሺ። ለሁለት ጣቱ፦ እምቢ። አንድ ጣት ተኩል። ሙሉ በሙሉ እንድትታዘዝ መፍቀድ ለአንተም ለእኔም ጤና አይደለም።

እህትህ

መጋቢት 17 ቀን

ሜትሬ፣

በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ግን ይህን ሳልቸኩልና ቃል ሳይጠፋኝ ልነግርህ ስለፈለግኩ ጻፍኩት።

ትናንት ሰዉ ካሰብኩት በላይ መጣ። ወንበሮቹ አልበቁም። ጸሐፊው ማይክ ይዞ ስሜን፣ ዋንጫዎቼን፣ ያላገኘሁትን ዋንጫ ጭምር ዘረዘረ። ከመቀመጫዬ እስከ መምቻው ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፤ ከትናንት በስቲያ ከመሐንዲሱ ጋር ቆጥረነዋል። እግሬ ሲጎተት ጭብጨባው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ስደርስ ጭራሽ ጠፋ። ልመታ ስል ይሆን የነበረውን ያን የድሮውን ዝምታ ታስታውሳለህ? አይደለም፤ ይህ ሌላ ነው። ሰው ሲያዝንልህ የሚያደርገው ዝምታ ነው። ያን ጊዜ ተመልሼ ልሄድ ነበር፣ አልዋሽህም።

ዱላውን ያዝኩት። ወፍራሙ መጨበጫ እጄን ሞላው። ግራዬ ያዘ። ጠበቅ አድርጎ አይደለም፤ ግን ያዘ። መታሁ። ድምፁን ብትሰማው! ኳሷ ተነሳች፣ ሜትሬ፤ ዝቅ ብላ አልሾለከችም፤ ተነስታ፣ ቀጥ ብላ፣ ቀስ ብላ ወርዳ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ማንም አላጨበጨበም። ጸሐፊው፣ ደግ ሰው ነው፣ ሊያድነኝ ብሎ "የዛሬው ነፋስ ከበድ ያለ ነው፣ እመቤቶቼና ጌቶቼ!" አለ። ባንዲራው እኮ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ቅጠል አይነቃነቅም።

ማይኩን ስጠኝ አልኩት። ሰጠኝ። ምን ልል እንዳሰብኩ አላውቅም። "ነፋስ የለም" አልኩ። "ሰኔ ላይ ስትሮክ መታኝ። ግራ እጄ ገና እየተማረ ነው። ያያችሁት ምቴ ነው፤ ያለኝ ሙሉው ይህ ነው።" ይህን ለመናገር ያለ ማጋነን ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። "ር" አንድ ቦታ ላይ ያዘችኝ፤ እስክትለቀኝ ቆምኩ። አራት መቶ ሰው አብሮኝ ቆመ።

እንግዲህ ከመክፈቻው ምት በኋላ ወንበሬ ላይ መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም። ኳሴ እዚያ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ እንዴት ነው የምመለሰው? ተከተልኳት። መሐንዲሱ ሌሎቹን ዱላዎች ብብቱ ውስጥ እንደ እንጨት ሸክም ይዞ ተከተለኝ። እየሄድኩ ቆጠርኩ፤ ሰባ አንድ እርምጃ። ግምትህን በአንድ እርምጃ በልጬዋለሁ። ከዚያ ደግሜ መታሁ። ጸሐፊው ከኋላዬ "እመቤቴ… ፕሮግራሙ…" እያለ ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። አንዷ ብቻ ጠና ያለች ሴትዮ "ተዋት! ጉድጓድ ጀምሮ ማን ይተዋል?" ብላ ስትጮህበት ሰማሁ።

ዘጠኝ ምት ፈጀብኝ። ሁለቱን አሸዋ ውስጥ ነው ያጠፋሁት። ውድድሩን ሠላሳ አምስት ደቂቃ አዘግይቻለሁ። ኳሷ ስትገባ እዚያ ርቀት ላይ ያጨበጨበልኝ መሐንዲሱ ብቻ ነው፤ ዱላዎቹን ሁሉ ጥሎ። ከዚያ ከወንበሮቹ በኩል ድምፅ መጣ፤ ልገልጽልህ አልችልም፣ አልሞክረውምም።

ስመለስ ጸሐፊው ላቡን እየጠረገ ተቀበለኝ። ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቅ አለ። "እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመትም የመክፈቻውን ኳስ እርስዎ ነዎት የሚመቱልን" አለኝ።

"አልመታም" አልኩት። "እወዳደራለሁ። ስሜን መዝግብ።"

የቀልዴን መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እስክሪብቶውን ከኪሱ እስኪያወጣ ድረስ ቆሜ ጠበቅኩት።

እህትህ